የመድኃኒቱን ምስጢር ሳይነኩ ደኑን መጠበቅ፦ በጣና ዳር ከአንድ ደብር ደን የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቅ፣ በጣና ዳርቻ ባለ የአንድ ደብር ደን ላይ የተነሣውን ጠብና የተፈታበትን መንገድ ይመዘግባል። የደብሩን፣ የቀበሌውንና የሰዎቹን ስም ትቼዋለሁ። ከመድኃኒት አዋቂዎቹ አንዳንዶቹ ስማቸው ከወጣ ደጃቸው በፈላጊ እንደሚጨናነቅ፣ ሌሎቹ ደግሞ ጎረቤት በክፉ ዓይን እንደሚያያቸው ነግረውኛል፤ ሁለቱም ስጋት እውነት ነው። እኔ ጉዳዩ ውስጥ የገባሁት በደን ባለሙያነት ነው። ስለ መድኃኒቶቹ ፈዋሽነት የምለው የለኝም፤ ማንም ይህን አንብቦ ሥር ምሶ እንዲጠጣም አልመክርም።

ዳራ

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሐይቅ ነው። ዙሪያው ያለው መሬት ከጥንት ጀምሮ ሲታረስ ኖሯል፤ አሁን ደግሞ ጫትና ባሕር ዛፍ እየወረሰው ነው። አገር በቀል ዛፍ ተሰብስቦ የሚታየው ደብር ባለበት ነው። በጀልባ ሆኖ ዳርቻውን የሚቃኝ ሰው ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር አረንጓዴ ካየ፣ «እዚያ ቤተ ክርስቲያን አለ» ቢል ብዙ ጊዜ አይሳሳትም።

ዘጌ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በአካባቢው ትውፊት አባ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለበት ይባላል፤ በዚያው ቃል ኪዳን መሠረትም መሬቱ በበሬ አይታረስም። ሕዝቡ በቡናና በጌሾ ሲኖር ደኑም አብሮት ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ ጣናንና ዙሪያውን በባዮስፌር ክልልነት፣ ማለትም ተፈጥሮና የሰው ኑሮ አብረው እንዲጠበቁበት በተለየ ቦታነት፣ መዝግቦታል። መዝገቡ ለሐይቁ ክብር ነው፤ ጎህ ሳይቀድ መጥረቢያ ይዞ የሚገባን ሰው ግን አይመልስም።

የቤተ ክርስቲያን ደን ምን ያህል ሀብት እንደያዘ በጥናትም ታይቷል። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 ባጠናቀቁት የዶክትሬት ጥናት በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን አይተው 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት መዝግበዋል። ከብት በሚገባበት ደን ውስጥ ችግኝ እንደማይበረክት ያሳየውም የእሳቸውና የባልደረቦቻቸው ሥራ ነው። ደብሮቹን በድንጋይ ካብ የማጠር ሐሳብ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው፤ ገበሬው ማሳውን ያስቸገረውን ድንጋይ ለቅሞ ያመጣል፣ ማሳው ይጠራል፣ ደኑም ይታጠራል።

እዚህ የምንመለከተው ደን ትንሽ ነው፤ በእግር አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይዞራል። ውስጡ ዋንዛ፣ ሰሳ፣ ዶቅማ፣ ብርብራና ጥቁር እንጨት አለ፤ ከሥራቸው የደብሩና የምእመናን ቡና። ጠርዙ ላይ ሰንሰል፣ እንዶድ፣ ግራዋ፣ ምስርችና ዳማከሴ ይበቅላል። የእያንዳንዱ ጥቅም በሰፊው ይታወቃል። የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ውሃ ላይ በትኖ ዓሣ ማደንዘዝ በጣና የቆየ ዘዴ ነው፤ ዳማከሴ ጨምቆ ምች ለመታው መስጠትን የማያውቅ ቤት ደግሞ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

ከዚህ ሁሉም ሰው ከሚያውቀው ዕውቀት ሥር ግን የጥቂቶች የሆነ ሌላ ዕውቀት አለ። በዚህ ደብር ሦስት ዓይነት ሰው ከደኑ መድኃኒት ይወስዳል። አንደኛው የአብነት መምህሩ የኔታ ናቸው፤ የብራና መጽሐፍና የቃል ትምህርት አላቸው። ሁለተኛዎቹ ከአባታቸው የወረሱ ገበሬዎች ናቸው፤ አባት ለሚያምነው አንድ ልጁ ብቻ፣ ብዙ ጊዜም እርጅና ከተጫነው በኋላ ያሳያል። ሦስተኛዎቹ ሴቶች ናቸው፤ አዋላጇ እናትና ለልጆች ሕመም ቅጠል የሚያዘጋጁ ጎረቤቶቻቸው። እንግዲህ «ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ» እየተባለ የሚሰደበው ይህ ሁሉ ሰው ነው። የሚሰድበውም ሲታመም በጓሮ በር ይመጣል።

ችግሩ

ዘበኛው መጀመሪያ ያሳየኝ አንድ ትልቅ ጥቁር እንጨት ነበር። ከቁርጭምጭሚት አንሥቶ መጥረቢያ እስከሚደርስበት ድረስ ቅርፊቱ ዙሪያውን ተገፎ ራቁቱን ቆሟል። እንጨቱ ወደ ቀይ ቡናማ ደርቋል፣ የመጥረቢያው ምት በየስንዝሩ ይታያል፣ ከሥሩ ለመሸከም ያልተመቸ ቁርጥራጭ ተጥሏል። ጫፉ ላይ ያለው ቅጠል ገና አረንጓዴ ስለነበር ዘበኛው «ይተርፍ ይሆናል» አለኝ። አይተርፍም። ቅጠሉ የሠራው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በውስጠኛው ልጥ በኩል ነው። ልጡ ዙሪያውን ሲቆረጥ ሥሩ በረሃብ ይሞታል፤ ውሃ ግን በእንጨቱ ውስጥ መውጣቱን ስለማያቆም ቅጠሉ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አረንጓዴ ሆኖ ያታልላል።

የጥቁር እንጨት ቅርፊት በውጭ አገር ለፕሮስቴት ሕመም በሚሸጥ መድኃኒት ምክንያት ተፈላጊ ነው፤ ዓለም አቀፍ ንግዱም እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት ውስጥ ገብቷል። እዚህ ግን የወሰደው የውጭ ኩባንያ አልነበረም። ቅርፊቱ በጆንያ ተሞልቶ በጀልባ ወደ ከተማ ይሄድ ነበር፤ ከዚያ ተፈጭቶ ወይም ተከትፎ በፌስታል ይቸረቸራል። በሌላ በኩል በደኑ ጠርዝ የምስርች ሥር እየተማሰ ጉድጓዱ ሳይደፈን ይቀራል። በዚህ ላይ ሁለት የቆዩ ችግሮች ነበሩ፦ በበጋ የሚገባው ከብት፣ እንዲሁም ከቡና ለቀማ በፊት የሚደረገው ምንጠራ። ምንጠራው ቡናውን ከአረም ያጸዳል፤ የዋንዛና የጥቁር እንጨት ችግኝም ከአረሙ ጋር ይታጨዳል። ትልልቆቹ ዛፎች ሲሞቱ የሚተካቸው ወጣት ዛፍ ያልነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰው ሁሉ ጣቱን ሌላው ላይ ቀሰረ። ሰበካ ጉባኤው መድኃኒት አዋቂዎቹን ከሰሰ። እነሱ የምንጠራ ሠራተኞቹን ከሰሱ። ወጣቶቹ ነገሩን ሁሉ በደብተራ ላይ ጣሉት፤ ይህ መቼም የተለመደ ነው። በተጠራው ስብሰባ ላይ የደብሩ አስተዳዳሪ «ከዚህ ደን ምን እንደምትወስዱ ተናገሩና ሥርዓት እናብጅለት» ቢሉ አንድም ሰው አልተነፈሰም። ዝምታው የጥፋተኝነት ተደርጎ ተቆጠረ።

ነገሩ ግን ሌላ ነበር። መድኃኒት ከተነገረ ይረክሳል፣ ኃይሉን ያጣል የሚል እምነት አለ። የሚቆርጠውም ሰው ረቡዕና ዓርብን የመሰለ ቀን ጠብቆ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ከማንም ጋር ቃል ሳይለዋወጥ ይሄዳል። ይህ ምስጢራዊነት ለባለሙያው እንጀራው ነው፤ ለሌባ ደግሞ ከለላ ሆነ። በጨለማ ዝም ብሎ የሚገባ ሰው ሁሉ መድኃኒት አዋቂ ይመስላል።

መጀመሪያ የተሞከሩት

የመጀመሪያው እርምጃ ግዝት ነበር። ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ከደኑ ቅጠልም ሆነ ሥር የሚወስድ የተወገዘ ይሁን ተባለ። ግዝት በዚህ አገር ቀላል ነገር አይደለም፤ ጣና ዳር ዛፍ የተረፈው ከየትኛውም ደንብ ይልቅ በእሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚህ ጊዜ ግን የተገላቢጦሽ ሠራ። የኔታ መግባት አቆሙ፣ ገበሬዎቹ አቆሙ፣ ሴቶቹ ከጓሯቸው ባለው ተብቃቁ። በጀልባ የሚመጡት አላቆሙም፤ ግዝቱን አልሰሙትም፣ ቢሰሙም የደብሩ ልጆች አይደሉም። ቀድሞ ጎህ ሲቀድ ደኑ ውስጥ የሚዘዋወሩት መድኃኒት አዋቂዎች ሳያውቁት ዘበኞች ነበሩ፤ አዲስ የተገፈፈ ዛፍ ቀድመው የሚያዩት እነሱ ነበሩ። እነሱ ሲወጡ ደኑ ባዶ ቤት ሆነ፤ በዚያ ክረምት የተገፈፉት ዛፎች ካለፈው እንደሚበዙ ዘበኛው ራሱ መሰከረ።

ሁለተኛው እሾሃማ ሽቦ ነው። ብዙ ገንዘብ ወጣበት። ቋሚዎቹ የባሕር ዛፍ አጣና ስለነበሩ ገሚሶቹ ምስጥ በላቸው፣ ገሚሶቹ ወደ ማገዶ ሄዱ፤ ሽቦውም ውሃ በላው። ስለ ሽቦው ከዚህ በላይ ብዙ የሚባል የለም።

ሦስተኛው ምዝገባ ነበር። ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጣ ቅጽ የዕፅዋቱን ስም፣ የሚያድነውን በሽታ፣ አዘገጃጀቱንና መጠኑን ይጠይቃል። ዓላማው ክፉ አልነበረም፤ ዕውቀቱ ከባለቤቱ ጋር እንዳይቀበር ነው። ነገር ግን ባለሙያውን «እንጀራህን እዚህ ወረቀት ላይ ገልብጥ» ማለት ነበር። ጥቂቶች ቀረቡ፣ ከቀረቡትም የሰጡት መልስ አደባባይ የሚያውቀው ብቻ ነው፤ ጤና አዳም ለሆድ ቁርጠት፣ ዳማከሴ ለምች። አንዱ ገበሬ በሕይወቱ ቆርጦት የማያውቀውን ተክል አስመዝግቦ እንደሄደ ኋላ እየሳቀ ነግሮኛል።

ይህንን ምዝገባ ያስቆመው የአንዱ መድኃኒት አዋቂ ልጅ ነው። ባሕር ዳር የሚማር ወጣት ነበርና በስብሰባ ላይ ስለ አማዞን ተናገረ። በአማዞን የዝናብ ደን የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች አያዋስካ የሚባል መጠጥ ከሐረግ ያፈላሉ፤ ለእነሱ ፈውስም ሥርዓተ እምነትም ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 አንድ አሜሪካዊ የዚያን ሐረግ አንድ ዝርያ በአገሩ የባለቤትነት መብት አወጣበት። የአማዞን ተፋሰስ ነባር ሕዝቦች ድርጅቶች ጥምረት ተከራክሮ በ1999 አሰረዘው፤ በ2001 መብቱ ለሰውየው ተመለሰለት፤ በ2003 የጊዜ ገደቡ አልቆ ወደቀ። ልጁ ቀጥሎ የእኛኑ እንዶድ አነሣ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነበር፤ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣን የመግደሉ ጉዳይ የተጀመረው ከዚያ ነው። ከዓመታት በኋላ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የውሃ ቧንቧ በሚዘጋ ቅርፊት ለበስ እንስሳ ላይ የመጠቀም መብት አስመዘገበ። በወንዝ ዳር ልብስ አጣቢዎቹ እዚያ መዝገብ ላይ የሉም።

የኔታ ይህንን ጸጥ ብለው አዳምጠው «እንግዲያ ዝም ማለታችን ደግ ነበር» አሉ። አስተዳዳሪው «የኔታ፣ ዝም ብንል ደኑ ያልቃል» ብለው መለሱላቸው። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው የጠራው።

ጥያቄውን መለወጥ

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ተለወጠ። ተክሉ ለምን እንደሚያገለግል መጠየቅ ቀረ። ለደኑ ጥበቃ በሽታውን ማወቅ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ከተክሉ የትኛው ክፍል፣ በምን ወቅት፣ ምን ያህል እንደሚወሰድና ተክሉ መልሶ እንደሚያገግም ነው። የአስም ይሁን የዛር፣ ለዛፉ ለውጥ የለውም። ለዛፉ ለውጥ ያለው ቅጠል ይሁን ሥር ነው።

እያንዳንዱን ሰው ለብቻ፣ በየቤቱ፣ በዚሁ መንገድ ስንጠይቅ ንግግሩ ተከፈተ። ስሙ ራሱ ምስጢር ለሆነ ተክል ስም አልተጠየቀም፤ ባለሙያው ወደ ደኑ ወስዶ በጣቱ ያሳያል፣ ዘበኛው ያንን ተክል ያውቀዋል፣ በቂ ነው። አንዱ ገበሬ ከአባታቸው የተማሩትን የቅርፊት ሥርዓት ነገሩን፦ ቅርፊት የሚወሰደው ፀሐይ ከምትወጣበት ጎን ብቻ ነው፣ ወርዱ ከመዳፍ አይበልጥም፣ የተላጠው ቦታ ሳይሞላ ከዚያ ዛፍ ደግሞ አይነካም። ለእሳቸው ይህ የመድኃኒቱ ሥርዓት ነው፤ በምዕራብ በኩል የተወሰደ ቅርፊት አይሠራም ይላሉ። ለእኔ ደግሞ ከአንድ ጎን ብቻ መውሰድ ማለት ዛፉ ዙሪያውን በፍጹም አይገፈፍም ማለት ነው። ሁለታችንም በተለያየ ምክንያት አንድ ሕግ ላይ ቆምን፤ በምክንያቱ መስማማት አላስፈለገንም።

የመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች በደብሩ አጸድ ስለተደረጉ የተገኙት ወንዶች ብቻ ነበሩ። ሴቶቹን ያገኘናቸው በአዋላጇ ቤት፣ በቡና ሰዓት ነው። የእነሱ ዕውቀት ከወንዶቹ የተለየ ሆኖ ተገኘ። ወንዶቹ ስለ መሀሉ ደን፣ ስለ ቅርፊትና ስለ ሥር ሲያወሩ፣ ሴቶቹ ስለ ጠርዙና ስለ ቅጠል ያወራሉ። ከተማ ገበያ ላይ ማን ምን እንደሚገዛና ጆንያው ለማን እንደሚራገፍ የሚያውቁትም እነሱ ናቸው፤ ጌሾና ሎሚ ሊሸጡ ሲሄዱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉና።

ከዚህ ሁሉ አንድ ደብተር ተዘጋጀ። በሽታ የለበትም፣ አዘገጃጀት የለበትም። ቅጠል የሚሰጡት እንደልብ፣ ቅርፊት የሚሰጡት በምሥራቅ ጎን ሥርዓት፣ ሥር የሚማስባቸው ደግሞ ከተቆጠሩ ቦታዎች ብቻ፣ ጉድጓዱ ተደፍኖና የጎን ሥር ብቻ ተወስዶ እንዲሆን ተጻፈ። ደብተሩ በደብሩ ዕቃ ቤት ይቀመጣል።

ግዝቱም ተሻሽሎ እንደገና ታወጀ። የተወገዘው መድኃኒት መቁረጥ መሆኑ ቀርቶ ለሽያጭ በጆንያ ማውጣት፣ ዛፍ ዙሪያውን መግፈፍና ጉድጓድ ሳይደፍኑ መሄድ ሆነ። የደብሩን ግዝት የማይፈሩትን በተመለከተ ደግሞ የጀልባ ባለቤቶቹ ተጠርተው ከዚህ ወደብ ጆንያ ቅርፊት እንዳይጭኑ ቃል ገቡ። እነሱ የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ ክርስትና የተነሡት እዚያው ደብር ነው። ንግዱን ያዳከመው ይሄኛው ነው ብዬ አምናለሁ።

የቀረው ችግር ማን እንደገባ ማወቅ ነበር። ባለሙያው እስኪቆርጥ ድረስ አይናገርም፤ ዘበኛውም «ማነህ?» ቢለው ያ ቀን ከንቱ ይሆንበታል። መፍትሔው ከአዋላጇ መጣ። በደኑ በር ላይ አንድ ቅል ተንጠለጠለ፣ ከሥሩ ጠጠር ተከመረ። የሚገባ ሰው አንድ ጠጠር አንሥቶ ቅሉ ውስጥ ይጥላል፤ ዘበኛው ከሩቅ ኳ ሲል ይሰማል፣ ሲነጋ ይቆጥራል። ጠጠር ሳይጥል የገባ እግር ከታየ ዘበኛው ይከተላል። ቃል አልወጣም፣ መድኃኒቱም አልረከሰም።

ችግኝና አጥር

ከሴቶቹ ጋር ትንሽ የችግኝ ቦታ በደብሩ ውሃ አጠገብ ተጀመረ። ዳማከሴ፣ ጤና አዳምና እንዶድ በቁርጥራጭ ስለሚበቅሉ ምንም አላስቸገሩም። ሰንሰል ደግሞ ከሁሉ በለጠ። ቁርጥራጩን መሬት ላይ መሰካት በቂ ነው፣ ከብት ብዙም አይደፍረውም፣ ራሱም ቅጠሉ መድኃኒት ነው። ሽቦው ተሰርቆ ባለቀበት በኩል ድንጋይ ባለበት ካብ ተሠራ፣ ድንጋይ በሌለበት ሰንሰል ተተከለ። አጥሩ የሚፈለግ ነገር ስለሆነ ሴቶቹ ከእሱ ይቆርጣሉ፤ ሲቆረጥ የበለጠ ይጠቀጥቃል። ከሽቦው ይልቅ ይሄኛው ዘልቋል።

ጥቁር እንጨት አስቸግሯል። በመጀመሪያው ጊዜ የተለቀመው ፍሬ በፀሐይ ደርቆ እንደ ጤፍ ዘር በከረጢት ተቀመጠ፤ ሲዘራ አልበቀለም ማለት ይቻላል። የዚህ ዛፍ ዘር ሲደርቅና ሲቆይ ቶሎ ይሞታል፤ ሥጋው ታጥቦ በትኩሱ መዘራት አለበት። በሚቀጥለው ዓመት እንደዚያ ሲደረግ ችግኝ ተገኘ። ደኑ ውስጥ ከተተከሉት አብዛኛዎቹ የሞቱት ግን በድርቅ ወይም በከብት አይደለም፤ በምንጠራ ነው።

ያልተሳኩት

ምንጠራው እስካሁን አልተፈታም። ከየችግኙ አጠገብ በቀይ ጨርቅ የታሰረ እንጨት ተተክሎ ነበር። የሚመነጥሩት የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ክፍያቸው በሸፈኑት መሬት ስፋት ነው። ለቀይ ጨርቅ ብሎ እጁን የሚያዘገይ ሰው ያነሰ ገንዘብ ይዞ ይገባል፤ ስለዚህ አያዘገይም። በእሱ አልፈርድም።

የሥር መድኃኒቶችን ከችግኝ ጣቢያ የማቅረቡም ሐሳብ ከሽፏል። መድኃኒት አዋቂዎቹ «የጓሮ ሥር ኃይል የለውም» አሉ፤ የዱሩን ብቻ ይፈልጋሉ። ተለምነውም አልተለወጡም። ስለዚህ ለሥር ተክሎች ያለው ጥበቃ የተቆጠረው ቦታና የዘበኛው ዓይን ብቻ ነው፤ ይህ ደካማ ጥበቃ ነው።

ከተማ ውስጥ ካሉ ቸርቻሪዎች ጋር ለመነጋገር የተደረገው ሙከራም ብዙ አልሄደም። ከዚህ ደን የማይገኝ ከሆነ ከሌላ ያመጣሉ። አንድ ደብር በሩን ዘግቶ ሌላው ተራቁቶ ከሆነ ጥበቃው ግማሽ ነው።

ለሌላ ደብር የሚሆነው

ተመሳሳይ ጉዳይ ለገጠመው ሰው ከዚህ የሚወሰደው ዋናው ነገር ጥያቄውን የመለየት ጉዳይ ይመስለኛል። የዕውቀት ምዝገባና የደን ጥበቃ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ በአንድ ቅጽ ሲጠየቁ ሁለቱም ይበላሻሉ። ደኑን የሚጠብቅ ሰው ክፍሉን፣ መጠኑንና ወቅቱን ይጠይቅ። አዘገጃጀቱን መመዝገብ የሚፈልግ ካለ ያ በባለቤቱ ፈቃድ፣ በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ሰው ይሁን።

ግዝት ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሚፈራውን ሰው አስወጥቶ የማይፈራውን የሚያስቀር ከሆነ ደኑን ያለ ጠባቂ ያስቀረዋል። ከመታወጁ በፊት በደኑ ውስጥ በየማለዳው እግሩ የሚገባው ማን እንደሆነ፣ ከእነሱም ለደኑ ዓይን የሆነው የትኛው እንደሆነ ማየት ይገባል። መጓጓዣውን የያዘው ማን እንደሆነም እንዲሁ፤ በሐይቅ ዳር ጀልባ ነው፣ በሌላ ቦታ ባጃጅ ወይም ጋሪ ይሆናል።

የቆየ ሥርዓት ሲገኝ ምክንያቱን ለመመርመር መቸኮል አያስፈልግም። የምሥራቅ ጎን ሕግ ለባለሙያው እምነት ነው፤ ወደ ሳይንስ ቋንቋ እንተርጉመው ብንል ኖሮ ማለዳውን በክርክር እንፈጅ ነበር። ሥራውን እየሠራ እስከሆነ ድረስ በራሱ ስም ይቆይ።

ሴቶቹን ደግሞ ወደ ደብሩ ስብሰባ ከመጥራት ይልቅ እነሱ ባሉበት ማግኘት ይሻላል። ከዚህ ጉዳይ ውስጥ እስካሁን ሳይፈርሱ የቆዩት ሁለቱ ነገሮች፣ ቅሉና የሰንሰል አጥሩ፣ ከእነሱ ወገን የመጡ ናቸው።

አሁን ያለበት ሁኔታ

በቅርቡ አንድ ተመራማሪ ደብተሩን አይቶ ከመድኃኒት አዋቂዎቹ ጋር መነጋገርና ናሙና መውሰድ እንደሚፈልግ በደብዳቤ ጠይቋል። በዚህ ጊዜ ነገሩ እንደ ቀድሞው በዝምታ አልታለፈም። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የጀነቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ለማግኘት የማኅበረሰቡ ቅድሚያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ማኅበረሰቡ የመከልከልም፣ ከጥቅሙ የመካፈልም መብት አለው። ሰዎች እርስ በርሳቸው በልማድ የሚጠቀሙበትና የሚለዋወጡት ግን በአዋጁ አይነካም። ይህንን ያነበበላቸው ያው ስለ አማዞን የተናገረው ልጅ ነው። የተሰጠው መልስ አጭር ነው፦ ደብተሩ ይነበብ፣ ደኑ ከዘበኛው ጋር ይጎብኝ፤ ናሙና ግን ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ሳይመጣና ሽማግሌዎቹና ሴቶቹ ተቀምጠው ሳይስማሙ አይወጣም፤ አዘገጃጀት የሚጠየቅ ባለሙያ ካለ መልሱ የራሱ ነው። ከጠያቂው በኩል እስካሁን ምላሽ አልደረሰም።

ለምንጠራው ደግሞ ለሠራተኞቹ ከመሬቱ ስፋት በተጨማሪ ተርፎ ለተገኘ እያንዳንዱ ችግኝ እንዲከፈል ሐሳብ ቀርቧል። ሰበካ ጉባኤው በሐሳቡ ተስማምቷል፤ ገንዘቡ ከቡናው ሽያጭ ይሁን ከሙዳየ ምጽዋት ግን ገና አልወሰነም።